ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን፤ ስለ ርቀትና ስለ ጉዞ ጊዜ የተነገረ ንግግር



ልጁን ወደ አሜሪካ የሸኘ አባት ወደ መምህሩ መጥቶ «ልጄ መቼ ይደርሳል?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ በግምት ሊሆን አይገባም፤ የተሳሳተ መልስ ወላጅን በከንቱ ያስጨንቃልና። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ለይተን እንወቅ፤ እነርሱም ርቀት፥ የጉዞ ጊዜ፥ የየአገሩም ሰዓት ናቸው።

መጀመሪያ ስለ ርቀት ነው። በአምበር የሚያልፈው የመኪና መንገድ ከደብረ ማርቆስ እስከ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህም የሆነው ከደጀን ወደ ዓባይ በረሓ ወርዶ፥ ተጠማዝዞም ወደ ጎሓ ጽዮን ስለሚወጣ ነው እንጂ፥ በሰማይ በቀጥታ ቢለካ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ግን በሰማይ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ምድርም ክብ ስለ ሆነች አጭሩ መንገድ በጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ የሚሰመረው አይደለም። መምህሩ በክብ ካርታ ላይ ከከተማ ወደ ከተማ ክር ወጥሮ ያሳይ፤ ክሩ በሱዳንና በሊቢያ አልፎ፥ በውቅያኖሱ ላይ ከዋሽንግተን ይልቅ ወደ ሰሜን ወጥቶ ሲመለስ ይታያል።

ሁለተኛው የጉዞ ጊዜ ነው። አይሮፕላን ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ሳያርፍ ሲመጣ 13 ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ሲሄድ ግን በመንገድ አንድ ጊዜ ስለሚያርፍ እስከ 17 ሰዓት ይወስድበታል። ምክንያቱም ሁለት ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለ ሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ስለዚህ ለሩቅ ጉዞ የሚበቃ ነዳጅ ሁሉ የተጫነበት አይሮፕላን ከዚያ ለመነሣት ይከብደዋል። ደግሞም በከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ ሂያጁን ይገታዋል፥ መጪውን ይገፋዋል።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ስለምትዞር፥ በየ15 ዲግሪው የ1 ሰዓት ልዩነት አለ። ዋሽንግተን ከእኛ ወደ ምዕራብ 116 ዲግሪ ያህል ርቃ ስለምትገኝ፥ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ሰዓቷ በ8 ሰዓት፥ በቀረው ወራት በ7 ሰዓት ከእኛ ወደ ኋላ ይቀራል።

እንግዲህ በታኅሣሥ ወር ልጁ ከአዲስ አበባ ከሌሊቱ 4 ሰዓት ቢነሣና 17 ሰዓት ቢጓዝ፥ በዚያ አገር ጧት በእኛ አቈጣጠር 1 ሰዓት ላይ ይደርሳል። ይህን የሰማ ሰው ጉዞው 9 ሰዓት ብቻ የፈጀ ይመስለዋል። በአምበር ግን በዚያች ደቂቃ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። አባት ጧት ተነሥቶ የልጁን ድምፅ ቢጠብቅና ቢያጣ፥ ልጁ ገና በሰማይ ላይ ነው እንጂ ክፉ ነገር አገኘው ማለት አይደለም።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፥ ተማሪው ስለ ሩቅ ጉዞ ሲጠየቅ አስቀድሞ «ሰዓቱ በማን አገር አቈጣጠር ነው?» ብሎ መጠየቅን ይልመድ። ሒሳብ በሰሌዳ ላይ ብቻ የሚቀር ትምህርት አይደለም፤ በቤት ውስጥ የሚጠብቀውንም ሰው ልብ ያሳርፋል።