ስለ ውሻ ማሰሪያ አመራረጥ
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ውሻ ማሰሪያ ነው። ከኋላ ወንበር የሳቃችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ፤ ከሁለት ዓመት በፊት ቢሆን እኔም አብሬያችሁ እስቅ ነበር።

በቤታችን መቻል የሚባል ውሻ አለ። ቡችላ ሳለ በአንገቱ ሲባጎ ያሰርሁለት እኔው ነኝ። ቡችላው አደገ፤ ሲባጎው ግን አላደገም። ጠጉሩ ስለ ሸፈነው ማንም አላየውም፤ መጥፎ ሽታ ሸቶን ብንመረምረው ገመዱ ቆዳውን በልቶ ሥጋው ውስጥ ገብቶ ተገኘ። የእንስሳት ሐኪሙ ቈርጦ ሲያወጣው የያዝሁት እኔ ነበርሁ፤ መቻልም እጄን ይልስ ነበር። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ተከታትያለሁ። የውሻ አንገት እንደ በሬ ጫንቃ ቀንበር የሚሸከም አይደለም፤ የአየር ቧንቧው፥ ትልልቅ የደም ሥሮችና የእንቅርት ዕጢው በዚያው ይገኛሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት፥ ውሻ በአንገት ማሰሪያ ሲስብ የዓይኑ የውስጥ ግፊት እንደሚጨምር፥ በደረት ማሰሪያ ሲስብ ግን ያ ጭማሪ እንዳልታየ ገልጿል።

ስለዚህ ለሚጎትት ውሻ የደረት ማሰሪያ ይሻለዋል። ጠፍሩ በጉሮሮው ላይ ሳይሆን በደረቱ አጥንት ላይ ይረፍ፤ ትከሻውን አይያዝ፤ ብብቱን አይፋቅ። ከፊት በደረቱ ላይ ቀለበት ያለው እንደ ሆነ፥ ውሻው ሲስብ ፊቱ ወደ ጌታው ይዞራልና መሳቡ አይጠቅመውም። እኔ ከገበያ ባጣው ሰፊ የጨርቅ ጠፍር ገዝቼ ለጫማ ሰፊ አሰፋሁት።

ለማይጎትት ውሻ ሰፊና ለስላሳ የአንገት ቀበቶ ይበቃል። ሁለት ጣት ከሥሩ ያለ ችግር ይግባ፤ ለቡችላ በየሳምንቱ ይለካ።

ሸምቀቆ ሰንሰለት፥ ወደ ውስጥ እሾህ ያለው ቀበቶና በኤሌክትሪክ የሚነዝረው ግን የሚሠሩት በሥቃይ ነው። የኤሌክትሪኩን ዌልስ በ2010 ከልክላዋለች። ውሻው ሕፃን አይቶ ሲጠጋ አንገቱን ቢያመው፥ ሕመሙን ያመጣው ሕፃኑ ይመስለዋል። «ዘበኛ ውሻ ካልከፋ ምን ይጠብቃል?» የሚሉ አባቶች ይህን ቢያስቡልን መልካም ነው።

መቻልን ያስተማርሁት በቁራሽ ዳቦ ነው። ሲጎትት እቆማለሁ፤ ገመዱ ሲላላ እሄዳለሁ፤ በጎኔ ሲሄድ አጎርሰዋለሁ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፤ ጎረቤታችን እትዬ «ልጄ፥ ማን ነው ማንን የሚያስተምረው?» እያሉ ይሥቁብኝ ነበር።

ማሰሪያውን ይዤው መጥቻለሁ፤ እጠረጴዛው ላይ ነው። ልኩን መውሰድ የምትፈልጉ ከስብሰባው በኋላ ክርና ወረቀት ይዛችሁ ኑ።