ስለ አሮጌ ኮምፒዩተሮች የዲስክ አመዘጋገብ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ከኮምፒዩተር ክበብ አባሎች የተነገረ)



ለዚህ የበዓል መጽሔት የዱሮ ተማሪዎችን ፎቶግራፍ እንድናሰባስብ በታዘዝን ጊዜ ከዕቃ ግምጃ ቤት አንድ አቧራ የጠገበ ኮምፒዩተር አወጣን። መሣሪያው አልነሣ ስላለን ሃርድ ዲስኩን ፈትተን በማገናኛ ገመድ ከአዲሱ ኮምፒዩተር ጋር አያያዝነው። ወዲያውም «በዚህ ዲስክ ለመጠቀም አስቀድሞ ፎርማት መደረግ አለበት፤ ይደረግ ወይ?» የሚል ጥያቄ ወጣ። ከመካከላችን አንዱ «እሺ» ሊል እጁን ሲዘረጋ መምህራችን ያዙት። ዛሬ የምንናገረው ያ እጅ ለምን እንደ ተያዘ ነው።

ሃርድ ዲስክ በማግኔት ኃይል የሚጻፍበት የሚሽከረከር ሳሕን ነው። ሳሕኑ ግን በላዩ ከተጻፈው ውስጥ የትኛው የየትኛው ፋይል እንደ ሆነ ራሱ አያውቅም። ስለዚህ ቦታው ክላስተር በሚባሉ እኩል ክፍሎች ይሸነሸናል፤ የፋይሉን ስም፤ የሚጀምርበትን ክፍልና ቀጥሎ የሚገኝበትን የሚናገር መዝገብም ይደረግለታል። ፎርማት ማድረግ ማለት ይህን የአከፋፈልና የአመዘጋገብ ሥርዓት መዘርጋት ነው። በመዝገብ ቤት ያገለገለ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ መዝገቡ ቢጠፋ አንዱን ወረቀት ማግኘት ጭንቅ ነው፤ ወረቀቱ ግን እመደርደሪያው ላይ ነው።

የአመዘጋገቡ ሥርዓት ብዙ ዓይነት አለው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) ማይክሮሶፍት ፋት የተባለውን የመጀመሪያውን የሠራው በ1977 ነው። ከዚያ የመጣው ፋት16 ክፍሎቹን የሚቈጥረው በ16 ቢት ስለ ሆነ ከ65,536 በላይ መቍጠር አይችልም፤ ትልቁ ክፍል 32 ኪሎባይት ቢሆን፤ ሁሉም ተባዝቶ 2 ጊጋባይት ብቻ ይሆናል። ጕዳቱ በዚህ አያበቃም። ከፊራ ገበያ ውስጥ ከኩንታል ጆንያ በቀር ሌላ መያዣ የሌለው ነጋዴ አለ እንበል፤ አንዱን ጭብጥ በርበሬ በአንድ ጆንያ፤ አንዱን ጭብጥ ጨው በሌላ ጆንያ እያደረገ መደብሩን ይሞላል። በፋት16ም የአንድ ኪሎባይት ደብዳቤ የ32 ኪሎባይት ቦታ ይዞ ይተኛል።

በ1996 የወጣው ፋት32 ይህን ብዙ አሻሻለው፤ እስከ 8 ጊጋባይት ባለው ዲስክ ላይ ክፍሉን ወደ 4 ኪሎባይት አወረደው። ሆኖም አንድ ፋይል 4 ጊጋባይት ከሞላ አይቀበለውም። እስከ ዛሬ ድረስ በፍላሽ ላይ ባዶ ቦታ እያለ አንድ ረጅም ፊልም «አይገባም» የሚባለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ኤንቲኤፍኤስ የተባለው ከዊንዶውስ ኤንቲ ጋር በ1993 ወጣ። ይህ በመዝገቡ ላይ ለውጥ ከማድረጉ በፊት ሊያደርግ ያሰበውን አስቀድሞ በማስታወሻ ይጽፋል፤ ኤሌክትሪክ በመካከል ቢቋረጥ ማስታወሻውን አይቶ መዝገቡን ያስተካክላል። ፋት ግን እንዲህ ያለ ማስታወሻ ስለሌለው መዝገቡ እየተጻፈ ሳለ መብራት ቢጠፋ እንደ ተቈረጠ ይቀራል። በድሬዳዋ መብራት እንደሚጠፋ ለዚህ ጉባኤ መንገር አያስፈልገንም።

አንዱ ሥርዓት ሌላውን ሁልጊዜ አያነብም። ለዚህም ምሳሌ ፍለጋ ከከተማችን አንወጣም። በ1902 ድሬዳዋ የደረሰው የዱሮው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነው፤ በ2016 የተመረቀው የአዲስ አበባ ጅቡቲ ሐዲድ ግን 1.435 ሜትር ነው። የዱሮው ባቡር ፉርጎ በአዲሱ ሐዲድ ላይ አይሄድም፤ ስለ ተሰበረ ወይም ባዶ ስለ ሆነ ግን አይደለም። እንዲሁ በኤንቲኤፍኤስ የተሰናዳ ዲስክ ዊንዶውስ 98 ላይ ቢገጠም፤ ውስጡ ቢሞላም እንደሌለ ይቈጠራል። በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ፋት32ን ፋይሎቹን ሳያጠፋ ወደ ኤንቲኤፍኤስ የሚለውጥ ኮንቨርት የሚባል ትእዛዝ አለው፤ ወደ ኋላ የሚመልስ ትእዛዝ ግን የለውም። እንግዲህ አንድ ኮምፒዩተር «አላውቀውም» ያለው ዲስክ ባዶ ነው ማለት አይደለም። ያ ጥያቄ ይህን አለመናገሩ በጣም ያስቈጣናል።

«እሺ» ብንል ኖሮስ? ፈጣኑ ፎርማት የሚያድሰው መዝገቡን ነው፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ካልተጻፈበት ብዙው ሊገኝ ይችላል። ነገር ግን ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ሙሉው ፎርማት በዲስኩ ሁሉ ላይ ዜሮ ይጽፋል፤ ያን ጊዜ ፎቶግራፎቹ ለዘለዓለም በሄዱ ነበር።

መምህራችን በመጀመሪያ ያስደረጉን ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ነው፤ ይህ ብቻ አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ፈጀብን። ከዚያም በግልባጩ ላይ ቴስትዲስክ በተባለው የነጻ ፕሮግራም መረመርነው። ዲስኩ ፋት32 ነበረ፤ የተበላሸውም ስለ ሥርዓቱ የሚናገረው የመጀመሪያው ሴክተር ነበረ። ፋት32 ግን ከዜሮ ተቈጥሮ በ6ኛው ሴክተር ላይ የዚያኑ ግልባጭ ያስቀምጣል፤ መዝገቡንም ሁለት አድርጎ ይይዛል። ደኅናውን ግልባጭ በተበላሸው ቦታ መልሰን ስንጽፍ የፋይሎቹ ስም ተራ በተራ ወረደ። ስሞቹ በላቲን ፊደል፤ ያውም በስምንት ፊደል የተቈረጡ ነበሩ፤ የዱሮው የዶስ ልማድ እንዲህ ነበር። የኛ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በ1999 ስለ ሆነ በዚያን ጊዜ በአማርኛ ሰይሙ የሚላቸው አልነበረም። ማን ማን እንደ ሆነ ለመለየት ሁለት ቀን ከዱሮ መምህራን ጋር ተቀመጥን።

ከፎቶግራፎቹ ጥቂቶቹ እስከ ግማሻቸው ብቻ ተከፈቱ፤ የቀረው ግራጫ ነው። ከእነዚህ አንዱን፤ የተማሪዎቹ ፊት የሚታይበትንና እግራቸው የጠፋበትን፤ እንዳለ በዚህ መጽሔት አትመነዋል። በቤታችሁ የማይከፈት አሮጌ ዲስክ ያላችሁ የዱሮ ተማሪዎች ለዚያ ጥያቄ መልስ ሳትሰጡ ለክበባችን አምጡልን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጧት በኮምፒዩተር ክፍል እንገኛለን።