በእርጉዝ ፍየሎችና በግልገሎቻቸው ደም ላይ የሴሌኒየም ሚና
በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



አንድ የፍየል ግልገል እናቱ ወተት እያላት መቆም ተስኖት በተወለደ በሦስተኛው ቀን ሲሞት፣ ባለቤቱ «ብርድ መታው» ይላል። እኛም ብዙ ጊዜ ከዚህ የተሻለ መልስ አንሰጠውም። እኔ ራሴ በሥራዬ መጀመሪያ ዘመን እንዲህ ያለውን ግልገል የሳንባ ምች ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ቈይቶ የሌላውን ሬሳ ስከፍት ግን የጭኑ ጡንቻ ገርጥቶ፣ ነጫጭ ሰንበር ወጥቶበት አገኘሁ። ዛሬ የምናገረው በዚያን ጊዜ ልብ ስላላልሁት ነገር ነው።

ሴሌኒየም በ1817 እ.ኤ.አ. በስዊድናዊው ኬሚስት በበርዜልዩስ የተገኘ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ በእንስሳት ሕክምና ዘንድ ለረጅም ጊዜ የታወቀው በመርዝነቱ ነበር። በ1957 እ.ኤ.አ. ሽቫርትስና ፎልትዝ በአይጦች ላይ ባደረጉት ምርምር ለሕይወት አስፈላጊ መሆኑን አሳዩ፤ በተከታዩም ዓመት በአሜሪካ የኦሪገን ተመራማሪዎች የበግ ግልገሎችን ከነጭ ጡንቻ በሽታ እንደሚጠብቅ ገለጹ። በ1973 እ.ኤ.አ. ደግሞ ግሉታታዮን ፐሮክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም ሴሌኒየምን በውስጡ የያዘ መሆኑ ታወቀ።

የዚህ ኢንዛይም ሥራ በደም ውስጥ ጎልቶ ይታያል። ቀይ የደም ሕዋስ ዘወትር ኦክስጅን ስለሚሸከም ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድን ከመሰሉ ጎጂ ውጤቶች አያመልጥም፤ ኢንዛይሙም ይህን ወደ ውኃ ይለውጠዋል። ኢንዛይሙ ሲጎድል ሄሞግሎቢን ይበላሻል፣ የሕዋሱም ሽፋን ለመፈንዳት ይቃረባል። ቫይታሚን ኢ የሽፋኑን ስብ በመጠበቅ ያግዘዋል፤ ሆኖም አንዱ የሌላውን ቦታ ፈጽሞ አይተካም።

እርጉዟ ፍየል ሴሌኒየምን በእንግዴ ልጅ በኩል ለጽንሷ ታስተላልፋለች። ቫይታሚን ኢ ግን በዚያ መንገድ የሚያልፈው በጥቂቱ ስለሆነ፣ ግልገሉ በይበልጥ የሚያገኘው ከእንገር ነው። እንግዲህ ለእናቲቱ የሚሰጥ ድጎማ ለሁለት ነፍስ የሚሰጥ ነው፤ እንገሩን በጊዜ ማጥባትም የሕክምናው አካል ነው።

ስለ ጊዜው አንድ ነገር ልጨምር። ኢንዛይሙ ወደ ቀይ ሕዋስ የሚገባው ሕዋሱ በመቅኔ ውስጥ ሲሠራ ነው፤ የፍየል ቀይ ሕዋስም ወደ አራት ወር ገደማ ይኖራል። ስለዚህ ዛሬ የተሰጠው ሴሌኒየም በሴረም ውስጥ ወዲያው ቢታይም፣ በሕዋሳቱ ኢንዛይም ላይ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። እርግዝናው 150 ቀን ያህል በመሆኑ፣ ከመውለዷ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት አስቀድሞ መስጠት የተለመደው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ነገር ግን የደም ማነስ ሁሉ የሴሌኒየም እጥረት አይደለም። የገረጣ ዐይን ያላት ፍየል ስናይ ሄሞንከስ የተባለውን ደም መጣጭ የጨጓራ ትልና ገንዲን አስቀድመን እንመርምር፤ ትሉ ሳይወገድ ማዕድን መስጠት በቀዳዳ እንስራ ውኃ መቅዳት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ መጠኑ ነው። በአንድ ኪሎግራም ደረቅ መኖ ከ0.1 ሚሊግራም በታች ሲሆን እጥረት ያሰጋል፤ ለአመንዣጊ እንስሳት የመቻል ወሰን ተብሎ የተቀመጠው ግን 5 ሚሊግራም ነው። በመርፌ ሲሰጥ ደግሞ ስሕተት የሚታረምበት ፋታ የለም። ሚዛን ሳይኖር በግምት መውጋት፣ ጨው ልሶ የከረመን መንጋ ሳይጠይቁ መድገም፣ ልናድነው የመጣነውን መግደል ነው።

አፈራችንም አንድ ዓይነት አይደለም። በ2021 እ.ኤ.አ. በኔቸር መጽሔት የወጣው የኢትዮጵያና የማላዊ የእህል ጥናት የሴሌኒየም መጠን ከቦታ ቦታ እጅግ እንደሚለያይ አሳይቷል። ጥናቱ ስለ እህል ቢሆንም፣ መኖውም የሚበቅለው በዚያው አፈር ላይ ነው። ስለዚህ ለአንዱ ወረዳ የሚበጀው መርፌ ለሌላው መርዝ ሊሆን ይችላል።

የምለምናችሁ ይህን ነው፤ ከመውጋታችን በፊት ከጥቂት እርጉዝ ፍየሎች ደም እንቅዳ፣ የሞተውንም ግልገል ሳንከፍት አንቅበር። «ብርድ መታው» የሚለው ቃል የባለቤቱ ሊሆን ይችላል፤ የእኛ ግን ሊሆን አይገባም።