ዕቃው የማን ነው?

(በሐረር ከተማ ለተማሪዎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገርበት ርእስ ለብዙዎቻችን ጆሮ አዲስ የሆነ አንድ የሥራ ዓይነት ነው። ስሙ «ፕሮዳክት ማናጀር» ይባላል። በአገራችንም አንዳንድ ባንኮችና ኩባንያዎች በዚህ ስም ሰው መቅጠር ጀምረዋል። ከእናንተም መካከል አንዱ ትምህርቱን ጨርሶ ሲወጣ «በድርጅታችን ይህን ሥራ የምትጀምረው የመጀመሪያው ሰው አንተ ነህ» ይባል ይሆናል። ወንበር ይሰጡታል፤ ደመወዝ ይቆርጡለታል፤ ሥራው ምን እንደሆነ የሚነግረው ግን አያገኝም፤ ከእርሱ በፊት የሠራ የለምና። ንግግሬ ለዚያ ሰው ስንቅ እንዲሆን የታሰበ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ችግሩ ከስሙ ይጀምራል። በአማርኛ «ምርት» ስንል ማምረቱንም የተመረተውንም በአንድ ቃል እንጠራለን። ስለዚህ በአንድ ፋብሪካ «የምርት ኀላፊ ተሾመ» የሚል ማስታወቂያ ቢለጠፍ፤ ሠራተኛው ሁሉ የሚያስበው መኪናዎቹን የሚያሠራውንና ፈረቃ የሚያወጣውን ሰው ነው። ነባሩ የፋብሪካ ሹምም «ወንበሬን ሊወስድ መጣ» ብሎ ይጠረጥራል። አዲሱ ሰው ግን ስለ ማምረቱ ሳይሆን ስለ ተመረተው ነገር የሚጠየቅ ነው። ዕቃው ለማን እንደሚሠራ፤ የገዢውን የትኛውን ችግር እንደሚያቃልል፤ በምን ዋጋ እንደሚያዋጣ፤ ምን ሊጨመርበት ምንስ ሊቀነስለት እንደሚገባ የሚመረምርና የሚያስወስን ነው። ባጭሩ «ይህ ዕቃ የማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ «እኔ እጠየቅበታለሁ» ብሎ የሚነሣ ሰው ነው።

ይህ ሥራ በእርግጥ አዲስ ነውን? አይመስለኝም። ከፈረስ መጋላ ተነሥታችሁ ወደ ጀጎል መካከል በመኪና ግርግር መንገድ ውረዱ። መንገዱ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። አንዲት ሴት ከሱቁ ጨርቅ ትመርጥና መንገድ ዳር ከተቀመጠው ልብስ ሰፊ ዘንድ ታመጣለች። እርሱም ይለካታል፤ ለሠርግ ነው ወይስ ለዘወትር ብሎ ይጠይቃታል፤ ዋጋውን ይነግራታል፤ ይሰፋላታል። ቢጠባት ተመልሳ የምትመጣው ወደ እርሱው ነው። ፍላጎቷን የሰማው ጆሮ፤ ዋጋውን ያሰላው ራስ፤ መቀሱን የያዘው እጅ የአንድ ሰው ናቸው። ይህን ሰው ፕሮዳክት ማናጀር ቅጠር ብንለው ይስቅብናል፤ መሳቁም ተገቢ ነው።

ድርጅት ሲያድግ ግን ያ አንድ ሰው ይከፋፈላል። ጆሮው ወደ ሽያጭ ክፍል፤ እጁ ወደ ፋብሪካ፤ ስሌቱ ወደ ሒሳብ ክፍል ይሄዳል። ሽያጭ ክፍል «ደንበኛው ያለውን ሁሉ ሥሩለት» ይላል፤ ፋብሪካው «የለመድነውን እንሥራ» ይላል፤ ሒሳብ ክፍሉ «ወጪ ቀንሱ» ይላል። ሦስቱም በየበኩላቸው እውነት አላቸው። ነገር ግን የጠበባትን ልብስ ይዛ የተመለሰችው ሴት በማን ደጅ እንደምትቆም አይታወቅም። የመጀመሪያው ፕሮዳክት ማናጀር የሚቀጠረው የተከፋፈለውን ልብስ ሰፊ መልሶ ለማገናኘት ነው።

የዚህ ሥራ ታሪክ ሲነገር ዘወትር የሚጠቀስ አንድ ማስታወሻ አለ። በ1931 በአሜሪካው ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ኩባንያ ይሠራ የነበረው ኒል ማክኤልሮይ የኬሜይን ሳሙና ገበያ ይከታተል ነበር። ኬሜይ በዚያው ኩባንያ ታላቅ ሳሙና በአይቮሪ ጥላ ሥር ወድቆ ነበር። ማክኤልሮይ ሦስት ገጽ ማስታወሻ ጽፎ ለእያንዳንዱ የዕቃ ስም ራሱን የቻለ ኀላፊ እንዲመደብ ጠየቀ። ልብ የምንለው ግን የተግባሩን ዝርዝር ነው። ኀላፊው ዕቃው በየትኛው አገር እንደተሸጠ፤ በየትኛው እንደደከመ ይመርምር፤ በደከመበት ስፍራ ራሱ ሄዶ ነጋዴውንና ገዢውን ይጠይቅ፤ መድኃኒቱን ያቅድ፤ ውጤቱን ይከታተል የሚል ነው። ዋናው ነገር መሄድና መጠየቅ ነበር። ማክኤልሮይ በኋላ የኩባንያው ፕሬዚዳንት፤ ከ1957 እስከ 1959 ድረስም የአሜሪካ የመከላከያ ሚኒስትር ሆኗል።

መጠየቅ ሲቀር ምን እንደሚሆን ለማወቅ አሜሪካ መሄድ አያስፈልገንም። የሐረርጌን ማሽላ ተመልከቱ። ተመራማሪ አጭር፤ ቶሎ የሚደርስና ብዙ ፍሬ የሚሰጥ ዘር ያወጣል፤ በሚዛን ቢታይ የሚደነቅ ነው። የሐረርጌ ገበሬ ግን ረጅሙን ማሽላ የሚወድበት ምክንያት አለው። አገዳው ለከብቱ መኖ፤ ለምድጃው ማገዶ፤ ለቤቱና ለአጥሩም መሥሪያ ነው። ተመራማሪው ፍሬውን ብቻ ሲመዝን ገበሬው ፍሬውንም አገዳውንም ይመዝናል። ከሁለቱ የተሳሳተ የለም፤ የጎደለው በመካከላቸው ቆሞ «ዕቃው ማለት ለእናንተ ምንድን ነው?» ብሎ አስቀድሞ የሚጠይቅ ሰው ነው። ይህ ነገር በተለይ ለሐረማያ የእርሻ ተማሪዎች እንግዳ አይሆንባቸውም።

የተገላቢጦሹንም ምሳሌ እዚሁ እናገኛለን። በ1984 የተቋቋመውና በ2011 በሄኒከን የተገዛው የሐረር ቢራ ፋብሪካ፤ ሐረር ሶፊ የተባለ አልኮል የሌለው የብቅል መጠጥ ለገበያ አውጥቷል። ብዙው ሕዝብ እስላም በሆነበት አገር ቢራ ጠማቂ «ጎረቤቴ የማይጠጣውን ብቻ ልሥራ?» ብሎ ራሱን ቢጠይቅ ያለውን ብቅል፤ ያለውን ጋንና ያለውን ጠርሙስ ይዞ አዲስ ዕቃ ማሰብ ይችላል ማለት ነው። ፋብሪካው ያው ነው፤ የተለወጠው ጥያቄው ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የሐረር ቡና ነገር ነው። ይህ ቡና ሳይታጠብ ከነቅርፊቱ በፀሐይ ደርቆ የሚዘጋጅ፤ በጣዕሙም በዓለም የታወቀ ነው። ገበሬው ያመርታል፤ ሰብሳቢው ይገዛል፤ ላኪው አበጥሮ ይልካል፤ ባሕር ማዶ ያለው ቆልቶ ይሸጣል። ሁሉም የየድርሻውን ሲይዝ «ሐረር» የሚለውን ስም የያዘው አልነበረም። በ2005 የኢትዮጵያ የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ሐረር፤ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የሚባሉት ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት ሆነው እንዲመዘገቡ አመለከተ። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃወመ፤ ከስታርባክስ ኩባንያም ጋር ብዙ ክርክር ሆነ፤ በ2007 ግን ስምምነት ተፈረመ። ይህም ባለቤት ያልነበረው ዕቃ ለመጀመሪያ ጊዜ «የእኔ ነው» የሚል ተቆርቋሪ ሲያገኝ የታየበት ነው።

ይሁን እንጂ ስሙን ማስመዝገብ የሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። በሐረርጌ ብዙ ገበሬ የቡናውን መሬት ለጫት ሰጥቷል። ጫት በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይቀጠፋል፤ ገንዘቡም ቶሎ እጅ ይገባል። የስሙ ክብር በገበሬው ኪስ ካልደረሰ ቡናው ላም አለኝ በሰማይ ይሆናል። ለዕቃው ኀላፊ የሆነ ሰው ይህን ሁሉ መንገድ፤ ከማሳው እስከ ሲኒው ድረስ፤ ተከትሎ የት ላይ እንደሚቋረጥ መመርመር ግዴታው ነው።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ሰው ምን እንምከረው?

አንደኛ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንቶች ዕቅድ አያውጣ፤ ይስማ። ከሽያጭ መስኮት ጀርባ ይቀመጥ፤ ከማከፋፈያው መኪና ሾፌር ጋር ይሂድ፤ ተበላሽቶ የተመለሰውን ዕቃ በመጋዘን ይቁጠር። የድርጅቱ እውነት ከስብሰባ አዳራሹ ይልቅ በእነዚህ ስፍራዎች ይገኛል።

ሁለተኛ፤ አንድ ዕቃ ብቻ ይያዝ። ሁሉን ልያዝ ያለ አንዱንም ሳያሻሽል ዓመቱ ያልቅበታል። በአንዱ ዕቃ ላይ የታየ ለውጥ ግን ከብዙ ንግግር የበለጠ ይመሰክርለታል።

ሦስተኛ፤ ለማን እንደሚሠራ፤ ምን ችግር እንደሚያቃልል፤ ተሳካ የሚባለው ምን ሲሆን እንደሆነ በአንድ ገጽ ይጻፍ። በዚያው ገጽ ላይ የማይሠራውንም ነገር ከነምክንያቱ ያስፍር። «አንሠራም» ማለት ከዚህ ሥራ ከባዱ ክፍል ነው፤ በቃል ሲባል ጠብ ያስነሣል፤ ከማስረጃ ጋር ሲጻፍ ግን መወያያ ይሆናል።

አራተኛ፤ ከፋብሪካው ሹም ጋር ድንበሩን አስቀድሞ ይለይ። ምን ይሠራ፤ ለምን ይሠራ የሚለው የአዲሱ ሰው ጥያቄ ነው፤ እንዴት ይሠራ የሚለው የባለሙያው ነው። ይህን ድንበር ያፈረሰ ሰው በማግስቱ ብቻውን ይቀራል፤ በሥሩ የሚያዝዘው ሠራተኛ የለውምና።

አምስተኛ፤ ዕቃው ሲወደድ የሠሩትን ያስመስግን፤ ሲነቀፍ እርሱ ይቅረብ። ያለ ሥልጣን የሚመራ ሰው ኀይሉ መታመኑ ብቻ ነው።

«ኩባንያዎቻችን ትናንሽ ናቸው፤ ባለቤቱ ራሱ ሁሉን ያውቃል፤ ይህ ሹመት ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ክርክሩ ከንቱ አይደለም። ባለቤቱ እንደ መኪና ግርግሩ ልብስ ሰፊ ከገዢው ጋር ፊት ለፊት የሚገናኝ ከሆነ በእርግጥ ሰው አያስፈልገውም። ከገዢው ርቆ ሳለ የሚያውቅ የሚመስለው ከሆነ ግን በጣም ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሥራውን ከመቀበላችሁ በፊት አሠሪውን አንድ ነገር ጠይቁት፤ «እርስዎ የወደዱት ሐሳብ ለገዢው እንደማይጠቅም በማስረጃ ባቀርብ ይሰሙኛልን?» መልሱ «አዎን» ከሆነ ግቡ። «አንተ የታዘዝኸውን ጻፍ» ከሆነ የሚፈለገው ጸሐፊ ነው፤ ጸሐፊነትም የተከበረ ሥራ ነውና በስሙ ይጠራ።

ጓደኞቼ፤ ይህን አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። የመጀመሪያው ሰው ሲወድቅ ብቻውን አይወድቅም። «ሞክረነው ነበር፤ ለእኛ አገር አይሆንም» ይባልና በሩ ከኋላው በሚመጡት ላይ ይዘጋል። ስለሆነም መጽሐፍ ላይ ያገኘውን የውጭ አገር ሥርዓት እንዳለ አምጥቶ በሠራተኛው ላይ የሚጭን፤ ስብሰባ አብዝቶ ገበያ የማይወጣ ሰው የሚጎዳው ራሱን ብቻ አይደለም።

እኛ የተማርነው በየክፍሉ ተከፋፍለን ነው፤ ኢኮኖሚክሱ ለብቻ፤ ምሕንድስናው ለብቻ፤ እርሻው ለብቻ። የሕዝባችን ችግር ግን በክፍል ተከፋፍሎ አይመጣም። ማሽላው ምግብም ማገዶም ነው፤ ቡናው ጣዕምም ስምም የልጆች ልብስም ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ክሮቹን የሚያገናኝ እጅ ያስፈልጋል። ከዚህ ስትወጡ በምትገቡበት መሥሪያ ቤት ሁሉ፤ ሹመቱ ቢኖራችሁም ባይኖራችሁም፤ «ይህ ዕቃ የማን ነው? ለማንስ ነው?» ብላችሁ እንድትጠይቁ አደራ እላለሁ።