ሰውነት እንግዳን ስለ መቀበሉ



በመስከረም 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የአገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተደረገ። ኩላሊቱን የሚሰጠው በሕይወት ያለ ዘመድ ነው። ነገር ግን እኅት ለወንድሟ ብትሰጥ እንኳ የወንድሟ ነጭ የደም ሴሎች ዝምድናን አይተው አይምሩትም፤ እንደ ጠላት ቈጥረው ይነሡበታል። ስለዚህ በሽተኛው ዕድሜውን ሙሉ እነዚህን ዘበኞች የሚያዳክም መድኃኒት ይውጣል። ዘበኛው ሲዳከም ሌላ ሕመም ይገባል፤ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ደግሞ ኩላሊቱ ይበላሻል። ከአዳማ፥ ከመቂ ወይም ከባቱ ለሚመላለስ ቤተሰብ ይህ ቀላል ሸክም አይደለም።

ታዲያ ዘበኛውን ሳያዳክሙ ከእንግዳው ጋራ ማስማማት አይቻልምን? ፍንጩ የተገኘው ከከብት ነው፤ እኛ በስምጥ ሸለቆ ያደግን ልጆች በዚህ ደስ ይለናል። በ1945 እ.ኤ.አ. ሬይ ኦወን የተባለ አሜሪካዊ፥ በማኅፀን ሳሉ ደማቸው የተቀላቀለ መንታ ጥጆች ካደጉም በኋላ አንዱ የሌላውን የደም ሴል ይዞ እንደሚኖር አስረዳ። በ1953 እ.ኤ.አ. ፒተር ሜዳዋርና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ አገር ገና ያልተወለዱ አይጦችን የሌላ ዘር አይጥ ሴል ወጓቸው፤ አይጦቹም አድገው የዚያ ዘር ቆዳ ሲለጠፍባቸው አልገፉትም። ሜዳዋር በ1960 እ.ኤ.አ. ከበርኔት ጋራ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ሰውን ግን በማኅፀን ሳለ ማን ይወጋዋል? በቦስተንና በስታንፎርድ ያሉ ሐኪሞች ከኩላሊቱ ጋራ የሰጪውን መቅኔ ወይም ደም አመንጪ ሴሎች ጭምር መስጠትን ሞክረዋል። ከታከሙት አንዳንዶቹ መድኃኒቱን ትተው ለዓመታት ኖረዋል፤ ለሁሉም ግን አልሆነላቸውም፥ ዝግጅቱም ሰውነትን በብርቱ የሚጎዳ ነው። ከመካከላችን ሕክምና ለመማር ያሰብን አለን፤ ጥያቄያችንም ይኸው ነው፤ መቅኔውን ያለዚያ ከባድ ዝግጅት መስጠት ይቻል ይሆን?