የአላጥሽ አንበሶች

ስለ ስውር አራዊት የሚነገረው ሁሉ ከንቱ ተረት አለመሆኑን ከሱዳኗ ገዳሪፍ በስተደቡብ የተዘረጋው የዲንደርና የቋራ ጠረፍ ያስረዳናል። በዚያ ቆላ አንበሳ አለ የሚለው የነዋሪው ቃል ለብዙ ዘመን ማረጋገጫ አጥቶ ከቆየ በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም. የኦክስፎርዱ ተመራማሪ ሐንስ ባወርና ባልደረቦቹ በኢትዮጵያ በኩል ወዳለው አላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ ገብተው፣ እንስሳ ሲያልፍ በራሱ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ካሜራ በማጥመድ፣ የአንበሳውን ሥዕልና በመሬት ላይ የታተመ ዱካውን ይዘው ተመለሱ። የባላገርን ምስክርነት ሳይመረምሩ መናቅ ምንኛ ያሳዝናል! በአላጥሽና በአጎራባቹ የሱዳን ዲንደር ፓርክ በድምሩ ከ100 እስከ 200 አንበሶች እንደሚኖሩም ገመቱ። በበጋ የዲንደር ወንዝ ሲነጥፍ ውሃ የሚቀረው ሱዳናውያን «ማያ» በሚሏቸው ኩሬዎች ነውና፣ ሚዳቋውም፣ ጎሹም፣ አዳኙም አንበሳ በዚያው ጭቃ ላይ ዱካቸውን አደራርበው ያልፋሉ።