አንዳንድ ጊዜ አልነሣም ስለሚል ሞተር
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ፈጽሞ ከተበላሸ መኪና ይልቅ ዛሬ ተነሥቶ ነገ እንቢ የሚል መኪና የባሰ ያስቸግራል። የተበላሸው ወደ ጋራዥ ይጎተታል፤ ይህኛው ግን መካኒክ ፊት ሲቀርብ ወዲያው ይነሣና በሽታውን ይሰውራል። ስለዚህ በግምት አስቀድሞ ባትሪው፣ ቀጥሎም ሞተሪኖው ይለወጣል፤ የመሥሪያ ቤቱ ገንዘብ ያልቃል፤ በሽታው ግን ባለበት ይቀራል።

ሴቻ የአርባ ምንጭ ላይኛው ከተማ፣ የመሥሪያ ቤቶች መቀመጫ ነው። ከዚያ የሚነሣ የሥራ መኪና በአንድ ቀን ከቆላው ሙቀት ወደ ጨንቻ ደጋ ይወጣል። ሙቀት የባትሪን ዕድሜ ያሳጥራል፤ ብርድ ደግሞ የደከመውን ያጋልጣል። እንግዲህ ሴቻ ላይ ደኅና የመሰለ ባትሪ ጨንቻ ባደረ በማግሥቱ ቢያምፅ አያስደንቅም። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ እየተነሣ፣ ዳገት ወጥቶ እንደ ጋለ ሲጠፋ ብቻ እንቢ ካለ ግን፣ ሞተሪኖው ወይም ሽቦዎቹ ይጠርጠሩ፤ መዳብ ሲግል የኤሌክትሪክን ኃይል ይበልጥ ያግዳልና።

ምርመራው መኪናው እንቢ ባለበት ሰዓት ይፈጸም። ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን፤ የእጅ ፍሬን ይያዝ። ከዚያም ቁልፉ ሲዞር ጆሮ ያዳምጥ። ሞተሩ እንደ ወትሮው እየዞረ ካልተነሣ፣ ጥፋቱ በነዳጁ ወይም፣ ቤንዚን ከሆነ፣ በካንዴላው በኩል ይፈለግ። «ቀጭ» ብሎ ዝም ካለ፣ ባትሪው፣ ማሰሪያዎቹ ወይም ሞተሪኖው ይፈተሹ። ድምፅ ከሌለ፣ አስቀድሞ የባትሪው ማሰሪያ፣ ቀጥሎም የቁልፉ መስመር ይታይ።

የ12 ቮልት ባትሪ ሞልቶ ሲያርፍ በቴስተር 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ሞተሪኖው ሲሠራ ከ9.6 በታች ከወረደ፣ ባትሪው ባዶ ሆኗል ወይም ደክሟል። ባትሪው ደኅና ከሆነ፣ የቴስተሩ አንድ ጫፍ በባትሪው ነጌቲቭ ራስ፣ ሁለተኛው በሞተሩ አካል ላይ ይደረግና ቁልፉ ይዙር። ከ0.5 ቮልት በላይ ከታየ፣ ባትሪውን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ሽቦ ላልቷል ወይም ዝጓል፤ ይጠረግ፣ ይጥበቅ። ሲፈታ ነጌቲቩ አስቀድሞ ይፈታል፤ ሲታሰር መጨረሻ ይታሰራል።

መኪናው እንቢ ባለ ቁጥር ሾፌሩ ቀኑን፣ ስፍራውን፣ የሞተሩን ሙቀትና የሰማውን ድምፅ ይመዝግብ። ይህ ማስታወሻ ለመካኒኩ ከብዙ ግምት ይሻላል። የዕቃ መግዣ ወረቀት ለፊርማ ሲቀርብም የክፍል ኃላፊው «ጥፋቱ በምን ምርመራ ተረጋገጠ?» ብሎ ይጠይቅ። ክትባት ጭኖ ወደ ደጋ የሚወጣ መኪና መንገድ ላይ ሲቀር የሚጎዳው ሾፌሩ ብቻ ሳይሆን፣ ጤና ጣቢያው ደጅ ልጇን ታቅፋ የምትጠብቀው እናት ጭምር ናት።